መሳቢያ ውስጥ ያረጀው ነፍስ አድን ዲስክ

ወቅቱ የግብር ማሳወቂያ ሰሞን ነበር። ይህ ጸሐፊ ጉዳይ ኖሮት በአንድ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ተራ ሲጠብቅ የቢሮው ዋና ኮምፒዩተር ታሟል። ፍላሽ ሲሰካበት ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ይለወጣሉ፤ ፀረ ቫይረሱ ቢጫኑት አይከፈትም። የተጠራው ባለሙያ አልተደናገጠም። ከቦርሳው አንድ ዲቪዲ አውጥቶ ኮምፒዩተሩን ከዲስኩ አስነሣና ፍተሻ ጀመረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ምንም ቫይረስ እንዳልተገኘ የሚገልጽ መልዕክት ወጣ። ሁሉም እፎይ አለ፤ ሥራው ቀጠለ። በሳምንቱ ጸሐፊው ሰነዱን ሊወስድ ሲመለስ ግን አራቱም የቢሮው ኮምፒዩተሮች ተበክለው፣ ከደንበኞች ፋይል ከፊሉ ጠፍቶ፣ ሠራተኞቹ ደረሰኝ ከካርቶን እያወጡ እንደገና ሲመዘግቡ አገኛቸው። ለካስ ዲስኩ የተቀዳው ከአምስት ዓመት በፊት ኖሯል።

ነፍስ አድን ዲስክ ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ ዊንዶውስ ሳይሆን በሲዲ ወይም በፍላሽ ላይ ካለ ሌላ ሥርዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሊኑክስ፣ ይነሣል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ቫይረስ በዚያን ጊዜ ተኝቷልና ራሱን መደበቅም ሆነ ፀረ ቫይረሱን መግደል አይችልም። በተበከለ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ መፈተሽ ግን ሌባውን ራሱን ምስክር አድርጎ እንደማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣውን ኮንፊከር የሚያስታውስ ይህ አይጠፋውም። በፍላሽና በኔትወርክ እየተዛመተ፣ የተያዘው ኮምፒዩተር የፀረ ቫይረስ ኩባንያዎችን ድረ ገጽ እንዳይከፍት ያግድ ነበር። መድኃኒቱን ከውጭ ይዞ ከመግባት ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበረም።

ችግሩ ዲስኩ የተቀዳበት ቀን ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። የጀርመኑ ኤቪ ቴስት ተቋም በየቀኑ ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂና አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ይገልጻል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የነባሮቹ ቅያሪ መልኮች ናቸው ብንል እንኳ፣ የአምስት ዓመት ዲስክ የሚያውቀው የአምስት ዓመት በፊቱን ዓለም ነው። «ምንም አልተገኘም» ሲል አልዋሸም፤ ከያዘው ዝርዝር ውስጥ ምንም አላገኘም። ጉዳቱ ባለቤቱ መልዕክቱን «ንጹሕ ነው» ብሎ ማንበቡና ፍላሹን ወደ ቀጣዩ ኮምፒዩተር ይዞ መሄዱ ነው።

ታዲያ ዲስኩ ከተነሣ በኋላ ዝርዝሩን ከኢንተርኔት አፕዴት ማድረግ አይበቃም ወይ? ብዙዎቹ ዲስኮች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ኢንተርኔት ካለ ሳያደርጉ መፈተሽም አይገባም። ነገር ግን በአሮጌ ዲስክ ላይ ያለው ሊኑክስ የአዲሱን ላፕቶፕ ዋይፋይ፣ አንዳንዴም ሃርድ ዲስኩን ራሱን፣ ላያውቀው ይችላል። ከዚህም ሌላ ዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙም ያረጃል። በብዙ የሊኑክስ ነፍስ አድን ዲስኮች ላይ የሚገኘው ነፃው ክላም ኤቪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዘጋጆቹ አስቀድመው አስታውቀው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2010 ባወጡት አፕዴት ከ0.95 በታች የሆኑትን ዕትሞች በሙሉ ሥራ አስቁመዋል። የዚያን ዘመን ዲስክ ይዞ አፕዴት ያደረገ ሰው፣ በአፕዴቱ ምክንያት ጭራሽ የማይሠራ ፀረ ቫይረስ ይዞ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የቆየ ጉዳይ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የመጣው ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ አሮጌው ዲስክ ከነአካቴው ላይነሣ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ኮምፒዩተሮች ሴኪዩር ቡት የሚባል ዘበኛ አላቸው። ሲበሩ የሚያስነሣቸው ፕሮግራም የታወቀ ዲጂታል ፊርማ ከሌለው አያሳልፉትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ኩባንያ ብላክ ሎተስ የሚባል፣ ይህን ዘበኛ አልፎ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ ቫይረስ በተግባር ላይ መዋሉን አረጋገጠ። ቫይረሱ የተጠቀመበት ዘዴ የሚያስገርም ነው፤ ድክመት ያለበትን ነገር ግን ትክክለኛ የማይክሮሶፍት ፊርማ የያዘ አሮጌ ማስነሻ ይዞ ይገባል። ዘበኛው ፊርማውን አይቶ ያሳልፈዋል።

መፍትሔው አሮጌዎቹን ማስነሻዎች በኮምፒዩተሩ ማህደረ ትውስታ ላይ «የታገዱ» ብሎ መመዝገብ ሆነ። ማይክሮሶፍት ከግንቦት 2023 ጀምሮ ይህን ደረጃ በደረጃ ሲያወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ሰጥቷል፤ እገዳው ሥራ ላይ በዋለበት ኮምፒዩተር ያልታደሱ የማስነሻ ሲዲዎችና ፍላሾች አይነሡም። ሃርድ ዲስኩን ፎርማት ማድረግም እገዳውን አያነሣውም። የሊኑክሶቹም ዕጣ ብዙ አልተለየም። ነሐሴ 13 ቀን 2024 የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት አሮጌ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በማገዱ፣ ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸው አልነሣም ብሏቸው ነበር። አሮጌ የሊኑክስ ሲዲዎችና ፍላሾችም ከዚሁ ችግር አላመለጡም። በዚህ ላይ በ2011 የተሰጡት የሴኪዩር ቡት ሰርተፊኬቶች ጊዜያቸው ከሰኔ እስከ ጥቅምት 2026 ባለው ጊዜ እንዲያበቃ የተወሰነ ነው። ኮምፒዩተሮቹ በዚያ ምክንያት መነሣት አያቆሙም፤ ሆኖም አዲሶቹ ማስነሻዎች በ2023ቱ ሰርተፊኬት ስለሚፈረሙ ዲስኩም ኮምፒዩተሩም አብረው መታደስ አለባቸው።

የእኛ ከተማ ባለሙያ ለዚህ የተለመደ መልስ አለው፦ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት። ዲስኩ ይነሣል፣ ሥራው ይሠራል፣ ከዚያም መልሶ ማብራቱ ይረሳል። ይህም ብቻ አይደለም። በሃርድ ዲስኩ ላይ ቢትሎከር የሚባለው ምስጠራ ካለ፣ ዘበኛውን ማጥፋት ብቻውን ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ያለ ቁልፉ ነፍስ አድን ዲስኩም ቢሆን የተመሰጠረውን ፋይል ማንበብ አይችልም። ሐምሌ 19 ቀን 2024 በክራውድ ስትራይክ ስህተት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ፣ ማይክሮሶፍት የማስነሻ ፍላሽ መሥሪያ በቀናት ውስጥ አቅርቦ እንኳ፣ ብዙ ድርጅቶችን ያዘገየው ይህንን ቁልፍ ፍለጋ ነበር። አዳዲስ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ምስጠራው በርቶ መምጣታቸው ተለምዷልና «እኔ ቢትሎከር አላበራሁም» የሚለው አንባቢ አንድ ጊዜ ቢያረጋግጥ አይጎዳም።

ለመሆኑ በቢሮዎቻችን ዲስኩን የማደስ ኃላፊነት የማን ነው? ጸሐፊው እንደታዘበው የማንም አይደለም። የፀረ ቫይረስ ፈቃድ በየዓመቱ በጀት ይያዝለታል፤ ዲስኩ ግን ነፃ ስለሆነ ባለቤት የለውም። ነፃ ነው ሲባልም ከግማሽ ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ፋይል ማውረድ ይጠይቃልና፣ ባለሙያው በወር አንዴ በራሱ የሞባይል ዳታ ያውርደው ማለት የማይመስል ነው። ድርጅቱ በቢሮው መስመር አውርዶ ለሁሉም ክፍል ቢያከፋፍለው የሚወጣው ወጪ፣ የአንድ ቀን የሒሳብ ሥራ እንደገና ከመመዝገብ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሠራሩም አያስቸግርም። ከዲቪዲ ይልቅ ፍላሽ ይሻላል፤ ደግሞ ይቀዳበታል። ቀረጻው በተጠረጠረው ኮምፒዩተር ላይ መሠራት የለበትም፤ ይህ ተራ ነገር ቢመስልም በየሱቁ የሚሠራው ስህተት ነው። ፋይሉ ከአምራቹ ድረ ገጽ እንጂ ከጓደኛ ፍላሽ አይቀዳ። አምራቹ የማረጋገጫ ቁጥር ካወጣ ይመሳከር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲስኩ ችግር ሳይመጣ በቢሮው ባሉት የኮምፒዩተር ዓይነቶች ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይሞከር፤ የማይነሣ መሆኑ መታወቅ ያለበት በግብር ሰሞን አይደለም። ዊንዶውስ 10ም 11ም ያለው፣ ሥርዓቱ አሁንም የሚነሣለት ሰው፣ ያለ ምንም ዲስክ በዲፌንደር ኦፍላይን ፍተሻ መጀመር ይችላል፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አስቀድሞ አፕዴት ማድረግ ግን እዚህም ግዴታ ነው።

ፋይል የሚቆልፉትን ቤዛ ጠያቂ ቫይረሶች በተመለከተ ዲስኩ ቫይረሱን ሊያስወግድ ይችላል፤ የተቆለፈውን ፋይል ግን አይከፍትም። ለዚያ አስተማማኙ መድን መጠባበቂያ ቅጂ ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። እዚህ በሰፊው የሚታወቀው የካስፐርስኪ ምርት በዚያ አገር በሰኔ 2024 የታገደ ሲሆን፣ ኩባንያው ለአሜሪካ ደንበኞች አፕዴት መስጠት ከመስከረም 29 ቀን 2024 ጀምሮ ተከልክሏል። ከአዲስ አበባ ለዘመድ ተብሎ የተላከ የካስፐርስኪ ነፍስ አድን ዲስክ ቨርጂንያ ያለ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ በሌላ አምራች መተካት ይኖርበታል።