ማማ ላይ የዋለው ተማሪ

መስከረም ሲጠባ የከተማ ልጅ ደብተር ይገዛለታል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አፋፍ ላይ ግን የአጎቴ ልጅ የተሰጠው ወንጭፍ ነው። በቆሎው እሸት ይዟል፤ ዝንጀሮውም ገደሉ ሥር ሆኖ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ልጁ ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። ሌሊት ተራው የጃርትና የከርከሮ ነውና አባትየው እሳት አንድደው ያድራሉ። ትምህርቱስ? «አዝመራው ከገባ በኋላ ይሄዳል» አሉኝ አጎቴ።

የዝንጀሮ ነገር ነው ብሎ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅ። የዓመት ቀለቡን በአንድ ጠዋት ያጣ ገበሬ ግን አይስቅም።

«ታዲያ ለምን አይመቱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የከተሜ ጥያቄ! «ለዝንጀሮ ብዬ ልታሰር?» አሉኝ። ሐሰት አላሉም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ላደነ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጫ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት፣ ሲብስም ሁለቱንም ደንግጓል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልሉ ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህማ ለማስፈራራት ብሎ እንኳ ጥይት መተኮስ የሚያመጣውን መዘዝ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

እንስሳው አይጠበቅ ማለቴ አይደለም። ከዚሁ ከጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ፣ ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያቆም ሕግ ያስፈልጋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቅጣቱን እስከ ብሩ ቆጥሮ ያስቀመጠው አዋጅ፣ ሰብሉ ለተበላበት ሰው ካሳ ማሰብ እንዴት ተሳነው?

አጎቴ አቤት ያላሉ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጽሕፈት ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው የተሰጣቸው መልስ «ተባብራችሁ ጠብቁ» የሚል ነበር። ኧረ ለዚህማ ማን ቢሮ ያስፈልገዋል? ሲጠብቁ ነው የኖሩት!

መንግሥት አቅም የለውም እንዳይባል፣ በስምጥ ሸለቆ የግሪሳ ወፍ ማሽላ ላይ ሲሰፍር አውሮፕላን መድኃኒት ሲረጭ አይተናል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ የዱር እንስሳ ሰብል ሲያጠፋ ካሳ የሚጠየቅበትን መንገድ አበጅታለች፣ አቤቱታውን የሚመረምር ኮሚቴም በየካውንቲው አቋቁማለች። ክፍያው መዘግየቱ ብዙ ሰው አስመርሯል፤ ቢሆንም ገበሬው የት ሄዶ እንደሚያመለክት ያውቃል።

የኛው ገበሬ ግን ጉዳቱን መጥቶ የሚያይለት፣ የሚመዘግብለት ማን ነው? መንጋው ሲያስቸግር የማባረር ሥራውን የሚሠራ፣ ግድ ሲሆንም ፈቃድ የሚሰጥ ባለሙያ በስንት ቀን ይደርስለታል? ሥልጣኑ የፌዴራሉ ነው ወይስ የክልሉ? ጉዳዩ ይመለከተኛል የሚል ባለሥልጣን ካለ ዓምዳችን ክፍት ነው፤ በቆሎው ሳይሸለቀቅ ቢመልስልን ደስ ይለናል።