ደም ስለሚቈጥረው መሣሪያ

ወላጅን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የልጁን ደም አስመርምሮ ሳለ «እንደ ገና ይታይ» መባሉ ነው። አንዱ ይህን ቃል እንደ ሞት ፍርድ ቈጥሮ ተስፋ ይቈርጣል፤ ሌላውም ነገሩን አቃልሎ በቤቱ ይቀራል። ሁለቱም ስሕተት መሆኑን ለመረዳት፥ መሣሪያው ደምን እንዴት እንደሚለይ ማወቅ ይጠቅማል።

ዋላስ ኮልተር የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ፥ የደም ሕዋሳት በጠባብ ቀዳዳ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያልፍ የኤሌክትሪኩን ጕዞ ለቅጽበት ስለሚያሰናክል፥ መሣሪያው ቍጥሩንና መጠኑን ከዚያ ያውቃል። ከዛሬዎቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሌዘር ብርሃን ጨምረውበታል። ሕዋሱን ነክቶ ወደ ፊት የሚበተነው ብርሃን ትልቅነቱን፥ ወደ ጎን የሚበተነውም የውስጡን ሁኔታ ይገልጣል። በዚህም ነጮቹን የደም ሕዋሳት በ5 ወገን ይከፍሏቸዋል።

በአጣዳፊ ሉኪሚያ፥ ይኸውም በአንዱ የደም ካንሰር ዓይነት፥ ብላስት የሚባሉ ያልበሰሉ ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ በዝተው ብዙ ጊዜ ወደ ደም ይወጣሉ። እነዚህ ከ5ቱ ወገን ስላልሆኑ፥ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ሊምፎሳይት ወይም ሞኖሳይት ከሚባሉት ጋር ይቀላቅላቸዋል፤ እንግዳ ሲሆኑበትም የጥርጣሬ ምልክት ያወጣል። ነገር ግን ይህ ምልክት በቫይረስ ሕመም ምክንያትም ሊወጣ ይችላል፤ ብላስቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ መሣሪያው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ደሙን በብርጭቆ ላይ በስሱ ቀብቶ፥ ቀለም አጠጥቶ፥ በማይክሮስኮፕ በዓይኑ ይመረምረዋል። አስፈላጊ ሲሆንም መቅኔው ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ አጣዳፊ ሉኪሚያ ነው የሚባለው፥ በመቅኔው ወይም በደሙ ከ100 ሕዋሳት 20 ወይም ከዚያ በላይ ብላስት ሲገኝ ነው።

ስለዚህ «እንደ ገና ይታይ» የተባለ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመለስ። ልጁ ገርጥቶ፥ ትኩሳት ተመላልሶበት፥ ያለ ምክንያት ደምቶ ወይም ሰውነቱ በልዞ እንደ ሆነ፥ ሳያስቀር ለሐኪሙ ይንገር፤ ይህ ቃል መሣሪያው ዝም ባለ ጊዜ እንኳ መርማሪውን ይመራዋልና። በሕፃናት የሚበዛው የሉኪሚያ ዓይነት በሚገባ ሲታከም የሚድኑት ብዙዎች ናቸው። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አይገኝለትም።