አያቶቻችሁን ከጸባቸው ፈልጓቸው

እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። ስማችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን እያላችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። ስንት ላይ ቆማችሁ? በእናታችሁ በኩልስ? እኔ በአባቴ አራተኛው ላይ፣ በእናቴ ደግሞ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ያውም በሰው ፊት።

ቦታው ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ነው። ፕሮግራሙ እስኪጀመር ከጎኔ የተቀመጡ አንድ የሲዳማ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይጫወታሉ። ልጁ ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የአባቶቹን ስም አንድ በአንድ ጠራው፤ ዘጠኝ ከደረሰ በኋላ እኔ ራሴ መቁጠሩ ጠፋኝ። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው "አንተስ ልጄ?" አሉኝ። ጀመርኩ፣ አራተኛው ላይ ተንተባተብኩ። "አባባ፣ እኛ ቤት የጻፈው የለም" ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ።

ሳቅ አሉ። "ለእኛስ ማን ጻፈልን? ይልቅ አያቶችህ በምን እንደተጣሉ ጠይቅ። ሰው የተጣላውን አይረሳም።"

ማታውኑ ጎጃም ላሉት አክስቴ ደወልኩ። "እትዬ፣ የእኛ ሰዎች ተካሰው ያውቃሉ?" ስላቸው፣ "ወይ ልጄ! ያልተካሰሱት መቼ ነው?" አሉ። በማግስቱ ልጃቸው ከሳጥን የወጣ አሮጌ ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ቅድመ አያቴ የአጎቱን ልጅ በርስት የከሰሰበት ነው። ለመክሰስ ደግሞ ትውልዱን መቁጠር ነበረበትና እስከ ሰባት ቤት ቆጥሯል። ከሰባቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። እኔ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የእኔ ቤት ዕድል ብቻ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከዋናው አባት መወለዱን ካስረዳ መሬት መጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ትውልድ መቁጠር ጨዋታ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር። የዛሬው መታወቂያችን ከአባትና ከአያት ስም አያልፍም። የእናቶችን ስም ያቆየልን የርስት ክርክር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር፣ መሬት ለአራሹ ደረሰ፤ መቁጠሩ ግን ጥቅም አጣ። ጥቅም ያጣ ነገር ደግሞ ይረሳል።

ከዚያ ቀደም ያለውስ? የጎንደርን አድባራት አስቡ። በ18ኛው መቶ ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና የሙግት ውሳኔ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ገዢውም፣ ሻጩም፣ ምስክሮቹም በስም ይጠራሉ፤ በገዛ ስማቸው መሬት የሸጡና የገዙ ሴቶችም አሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶ አንስቷል፤ ብዙዎቹንም ዶ/ር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው መርምረው መዝግበዋቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ በነጻ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ይታያሉ። አዎ፣ በያዛችሁት ስልክ!

ይህ የእኛ ብቻ መንገድም አይደለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ በበርን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1528 የተቋቋመ የቤተ ክርስቲያን ችሎት ነበር። በየደብሩ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ብዙውን ጊዜ ቄሱ ይጽፋል። ማን ሰከረ፣ ማን ጨፈረ፣ ማን ሚስቱን መታ፣ ማን ቃል ገብቶ ሳያገባ ቀረ፣ ያለ ጋብቻ የተወለደው ልጅ አባት ማነው፤ ሁሉም ይመዘገባል። ዛሬ የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚፈልጉ ሰዎች እነዚያን መዝገቦች ያገላብጣሉ። የጥምቀት መዝገብ መወለድን ይነግራቸዋል። የችሎቱ መዝገብ ግን ሰውየው እንዴት እንደኖረ ይነግራቸዋል። ከቤት ሠራተኝነት በቀር ምንም ያልነበራት አንዲት ድሃ ልጅ ድምፅዋ የሚሰማው እዚያ፣ ተከስሳ በቆመችበት ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሐሳብ። እኛ አያት የምንፈልገው ለሙገሳ ነው። ደጃዝማች ከተገኘ እንለጥፋለን፤ ዲቃላ፣ ባሪያ፣ ጭሰኛ ከተገኘ ወረቀቱን እናጥፋለን። ታዲያ ይሄ ትውልድ ፍለጋ ነው ወይስ ጌጥ ፍለጋ? በቅድመ አያቴ ወረቀት ላይ የተከሰሰው የአጎት ልጅ "እናቱ የእኛ ዘር አይደለችም" ተብሏል። ቅድመ አያቴ ያሉት ነው፣ በጣታቸው ፈርመውበታል። አነበብኩት፣ አፈርኩ። ግን የዚያችን ሴት ስም የያዘ ሌላ ወረቀት የለም። ገጹን ብቀደው ሁለት ጊዜ በደልናት ማለት ነው።

እና ምን እናድርግ? በአገር አቀፍ ደረጃ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለነበሩት የምንጠይቀው ብዙ ቢሮ የለንም። ስለዚህ ከሳጥኑ ጀምሩ። የውል፣ የኑዛዜ፣ የሽምግልና፣ የፍርድ ወረቀት ካለ ፊትና ጀርባውን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። ማን እንደሰጣችሁና የየት ቀበሌ፣ የየት ደብር እንደሆነ ጻፉበት። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን ያለ ቦታ ስም ብቻውን የትም አያደርስም። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ። ደብር ከሄዳችሁ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ብራናውን በራሳችሁ እጅ አትግለጡ። እንደ ሲዳማው አዛውንት ነገሩ በቃል ከሆነ ደግሞ አስፈቅዳችሁ ድምፅ ቅዱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሕይወት ያለን ሰው የሚነካ ገበና ለቲክቶክ አይሆንም። የሟች ጸብ ታሪክ ነው፣ የቋሚ ጸብ ግን ገና ቁስል ነው።

አክስቴ ባለፈው ስደውል "ሳጥኑን ምስጥ ገብቶበታል፣ ልጥለው ነው" አሉኝ። ያ ፎቶ ባይላክልኝ ኖሮ ሁለቱ ሴቶች ከሳጥኑ ጋር ሄደው ነበር። እናንተም ዛሬ ማታ ወደ አንድ ሰው ደውሉ። "እንዴት ናችሁ" ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "የእኛ ሰዎች በምን ተጣልተው ነበር?"