70 በመቶው የማን ነው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የሙያ ሥልጠና ነው፤ በተለይ የእኛው ኤሌክትሪክ። ብዙዎቻችሁ በዚሁ ሙያ እንጀራ ስለምትበሉ ያገባችኋል።

በአገራችን ቴክኒክና ሙያ «የትብብር ሥልጠና» የሚባል አሠራር አለ። በወረቀቱ መሠረት ሰልጣኙ ከጊዜው 30 በመቶውን ተቋም ውስጥ፣ 70 በመቶውን ደግሞ ድርጅት ገብቶ ሥራ ላይ ያሳልፋል። ሐሳቡ የጀርመኖቹን ልምድ የተከተለ ነው፤ እኔም ትክክል ነው ባይ ነኝ። ኤሌክትሪክ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ተምሮ የሠራበት ሰው አላየሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የ30 በመቶው አስተማሪ ስሙ ይታወቃል፣ ደመወዝ አለው፣ ሥራውን ካልሠራ ይጠየቃል። 70 በመቶውስ የማን ነው?

የማንም አይደለም። ልጁ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፣ ድርጅቱ ማኅተም ይመታለታል፣ ከዚያ ጆንያ ይሸከማል፣ ግቢ ይጠርጋል፣ ሻይ ይላካል። ሴት ሰልጣኞች ደግሞ «አንቺ ቢሮ ተቀመጪና መዝገብ ጻፊ» ይባላሉ፤ ፒንሳ ሳይጨብጡ ጊዜው ያልቃል። ስንት የሥልጠና መዝገብ አይቻለሁ መሰላችሁ፣ የወራት ሥራ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ!

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ የሚሆነው ወረታ ላይ መሆኑ ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስጀመሩት ሩዝ ዛሬ የፎገራን ሜዳ ሞልቶታል፤ ምርቱ ሲገባ ደግሞ ከተማው በሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ይናወጣል። እያንዳንዱ መፈልፈያ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አለው፣ ኮንታክተር አለው፣ ኦቨርሎድ አለው። ይሄን የሚያህል ወርክሾፕ የትኛው ኮሌጅ አለው? አጥር ሳይኖረው፣ በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ የተቀመጠ ትምህርት ቤት ማለት እኮ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የሙያው ሰዎች ታግሡኝ። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም። በቀሩት ሁለቱ እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ይቀጥላል። የሚስበው ከረንት ይጨምራል፣ ይግላል። ኦቨርሎዱ ሞተሩ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ካልተስተካከለ፣ ወይ ደግሞ «ሥራ አስቸገረ» ተብሎ በሽቦ ከታለፈ (ይሄም ይደረጋል፣ አትገረሙ)፣ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ባለቤቱ ሞተሩን ለጥቅለላ ይልካል፣ ገበሬው ሩዙን ጭኖ ይመለሳል። ክፍል ውስጥ ይሄን በደንብ አስተምሬያለሁ፣ ሥዕሉንም ስዬ አሳይቻለሁ። ያቺን ጉርምርምታ ግን በኖራ መጻፍ አይቻልም። በጆሮው የሰማት ልጅ ነው ሮጦ የሚያጠፋው።

የከፋው ሞተር መቃጠሉ አይደለም። ሞተር ይጠቀለላል። አንዱ ብሬከር አውርዶ ሽቦ ሲነካ ሌላው ሳያውቅ መልሶ ቢያነሳው፣ ያ ልጅ አይጠቀለልም። አውርዶ መቆለፍ፣ ቁልፉን ኪስ መክተት፣ በቴስተር ፈትሾ መንካት፤ ይሄ ጎበዝ የሙያ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ሁለቴ ተቆጥቶ፣ ልማድ የሚያደርገው ነገር ነው። ቆጪ የሌለው ሰልጣኝ ልማድ የለውም።

ታዲያ መፈልፈያ ቤቱ ውስጥ ያለው የሙያ ሰው ለምን አያስተምርም? «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ እሱም በልቡ ይዞታል። እኔ አልፈርድበትም። አብዛኛው እያየ፣ እየተኮረኮመ የተማረ ነው፣ ወረቀት የለውም። ያስተማረው ልጅ ነገ ደረጃ 3 ወይ 4 ይዞ፣ የብቃት ምዘና አልፎ፣ በእሱው ሥራ ላይ ይመጣበታል። ለማስተማሩ አምስት ሳንቲም አይከፈለው፣ ስሙ የትም አይጻፍ። እናንተ ብትሆኑ ታስተምራላችሁ?

ባለቤቶቹም ያሉት ነገር አለ፤ «ልጁ ቢጎዳብኝ ማን ይጠየቃል? ማሽኔን ቢያቃጥለውስ?» እውነታቸውን ነው። መልሱ ግን «አልቀበልም» አይደለም፣ ውል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ዕድሜው 15 ከሞላ ሰው ጋር መዋዋል ይቻላል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በውሉ ይገለጻሉ። አሠሪው ለማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራትም አይችልም። ጆንያና ሻይ ማለት ነው እንግዲህ! ሕጉ አለ፣ እኛ ደብዳቤና ማኅተም ይዘን እንዞራለን።

ጀርመን አገር ልጁ መጀመሪያ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል። የኤሌክትሪክ ሙያው 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ አበሉ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ድርጅቱ ውስጥ የሚያሰለጥነው ሰውም ለማሰልጠን ብቁ መሆኑ ይረጋገጣል። እኛ ስሙን ቀድተን ውሉን፣ አበሉንና አሰልጣኙን እዚያው ትተናቸው መጣን።

ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሄዳችሁ ሊፍት ላይ የምትሠሩ ልጆቼ ይሄ ይበልጥ ይገባችኋል። ወረታ ላይ ሊፍት ማየት ቀርቶ ጉድጓዱንም የሚያሳያችሁ አልነበረም። ኦቲስ የሚባለው ሰው በ1854 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ሕዝብ እያየ ገመዱን አስቆርጦ ያልወደቀው፣ ካቢኑን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ ስለሠራ ነው። ያ መሣሪያ ዛሬም ሰው ይፈትሸዋል። የሚፈትሸው ሰው ደግሞ ከበላዩ አሰልጣኝ ሳይኖረው የወጣ ከሆነ፣ እኔ ደረጃውን እመርጣለሁ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም።

የምለው ይሄን ነው። በእያንዳንዱ ሰልጣኝ ውል ላይ የሚያሰለጥነው ሰው ስም ይጻፍ፤ ባለቤቱ ሳይሆን ፒንሳ የሚይዘው። ለዚያ ሰው ይከፈለው፣ በልምድ ያወቀውም ተመዝኖ ወረቀት ያግኝ፤ ያኔ ሰልጣኙን እንደ ተፎካካሪ አያየውም። ተቋማትም ቦታ ላላገኙለት ልጅ በር አይክፈቱ። 15 ልጅ የሚይዝ ሥራ ካለ 15 ይቀበሉ። «ኮታው 40 ነው» የሚለኝ ሰው፣ የቀሩትን 25 ማን አጠገብ እንደሚያቆማቸው ይንገረኝ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለምትሉኝ፣ አስተማሪ የሌለውን 70 በመቶ ለመቆጣጠር ለሚወጣው አበልና ነዳጅ ቅድሚያ የሰጠነው እኛው ነን።

ወረታ ውስጥ መፈልፈያ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በመጪው ምርት አንድ ልጅ ወይ አንዲት ልጅ በውል ለመያዝ ፈቃደኛ ከሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የውሉን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ እልክላችኋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ደግሞ የተለማመዳችሁበትን ጊዜ እውነቱን ከታች ጻፉ፤ ማን አስተማራችሁ? የድርጅቱ ስም ይቅር፣ የሠራችሁትን ብቻ።