ቀለሙን ትታችሁ የሰርቪስ ደብተሩን ጠይቁ

ያገለገለ አነስተኛ ሎደር፣ በተለምዶ «ቦብካት» የሚባለው፣ ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን፣ ቀጥሎ ሰዓት ቆጣሪውን ነው። ደላላውም የሚያሞካሸው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፤ ሰዓት ቆጣሪም ይቀየራል፣ ወይም ገመዱ ተነቅሎ ይከርማል። የሞተሩ ዘይት በየስንት ሰዓቱ እንደተቀየረ፣ ግሪስ በየዕለቱ ይደረግለት እንደነበረ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ትልቁ የዋጋ ክርክር መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ይህ ማሽን መነሻው የዶሮ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የኬለር ወንድማማቾች የመጀመሪያውን የሠሩት ተርኪ የተባለውን ትልቅ ዶሮ ለሚያረባ ገበሬ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ገብቶ ኩስ እንዲጠርግ ብለው ነበር። ዛሬም የሚፈለገው ትልቁ ሎደር በማይገባበት ሥፍራ ስለሚገባ ነው። ይኸው ትንሽነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሞተሩ፣ ፓምፑና ራዲያተሩ ተጨናንቀው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ራዲያተሩ በአቧራ ሲደፈን ሞተሩም የሃይድሮሊክ ዘይቱም አብረው ይግላሉ።

ጎማው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማሽኑ እንደ መኪና መሪ አይታጠፍም፤ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ መሬቱን እየፋቁ ነው የሚያዞሩት። በአንድ ወገን ያሉት የፊትና የኋላ ጎማዎች በሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው እኩል ይሽከረከራሉ። ስለዚህ ለቁጠባ ተብሎ አንዱ አዲስ ጎማ ሲገባና ሌላው እንደላሸ ሲተው ሁለቱ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ጉዳቱም ወደ ሰንሰለቱ ይሄዳል። የቁጠባው ነገር በዚህ ያበቃል።

ቀሪው ሥራ የየዕለት ነው። የክንዱና የባልዲው ፒኖች በየ8 ወይም በየ10 ሰዓቱ ግሪስ ይፈልጋሉ። ጠዋት ዘይትና የራዲያተር ውሃ ይታያል፤ ከናፍታ ፊልትሮው የተጠራቀመ ውሃ ይወጣል። የሞተር ዘይት በብዙዎቹ ሞዴሎች በ250 ሰዓት ይቀየራል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ማሽን ይህ 31 የሥራ ቀን ብቻ ነው። በመኪና ልማድ «ገና ነው» እያሉ ወራት የሚያሳልፉ ባለንብረቶች ሂሳቡን እንደገና ቢሠሩት ይበጃል። ክንዱ ተነስቶ ከሥሩ ሲሠራ የመደገፊያው ብረት ይግባ፤ የሚያፈስ የሃይድሮሊክ ቱቦ ደግሞ በጣት አይዳሰስ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣው ዘይት ቆዳ ይበሳል።

ታዲያ ይህን ማን ይሥራ? ማሽኑ በሰዓት ሲከራይ የጠዋቷ ሩብ ሰዓት ሂሳብ ውስጥ አትገባም። ተከራዩ ባለቤቱን፣ ባለቤቱ ኦፕሬተሩን ይጠብቃል፤ ኦፕሬተሩም የሚታሰብለት ማሽኑ በሠራበት ሰዓት ከሆነ ግሪስ ፓምፕ የሚያነሳበት ምክንያት የለውም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ በብር ስንት እንደሚያስወጣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጎራ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በብድር ዋስትና ማስያዝን አስፍቷል፤ ፒኑ የላላ፣ ፓምፑ የደከመ ማሽን ግን ለባንክም ደካማ ዋስትና ነው።

ስለዚህ በኪራይ ውሉ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ የጠዋቱ የምርመራ ጊዜ ለኦፕሬተሩ ይከፈል፤ የተደረገውም ከሰዓት ቆጣሪው ንባብ ጋር በደብተር ተመዝግቦ ይፈረም። ማሽኑ የሚሸጥ ዕለት ደላላው ከሊብሬው ጋር ያንን ደብተር ይዞ ይቅረብ። ደብተር የሌለው ሻጭ ካጋጠመ ገዢው የሙሉ ሰርቪሱን፣ የሰንሰለቱንና የአራቱን ጎማ ዋጋ ከተጠየቀው ላይ ቀንሶ ይነሳ።