«ፈተና ላይ አይመጣም» እስከ መቼ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ላይ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ፎቶኤሌክትሪክ ኢፌክት ሜታል ላይ ነው ብለኸን አልነበር? ታዲያ ደካማ ብርሃን የሚለዩ መሣሪያዎች ፎቶካቶዳቸው ለምን ሴሚኮንዳክተር ሆነ?»

እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። ልጁ ልክ ነው።

የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ የምናስተምረው ምንድን ነው? አንስታይን፣ 1905 እ.ኤ.አ.፣ ሜታል፣ ወርክ ፈንክሽን፣ አንድ ቀመር፣ አምስት ጥያቄ፤ በቃ! ለምን ስንባል «ከዚህ በላይ ፈተና ላይ አይመጣም» እንላለን። እኔም አለሁበት።

እስቲ ነገሩን እንየው። ሜታል ለሚታይ ብርሃን ሰነፍ ነው። አብዛኛውን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። የገባው ፎቶን የቀሰቀሰው ኤሌክትሮንም ከነጻ ኤሌክትሮኖች ጋር እየተጋጨ ኢነርጂውን ጨርሶ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሺህ ፎቶን አንድ ኤሌክትሮን ቢወጣ ትልቅ ነገር ነው። ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ግን ያ ሁሉ ግፊያ የለም፤ ኤሌክትሮኑ ራቅ ካለ ቦታ ተነስቶም ገጹ ላይ ይደርሳል። ከፖታሺየም፣ ከሲዚየምና ከአንቲሞኒ የሚሠራ ፎቶካቶድ በሰማያዊ ብርሃን ከአራት ፎቶን አንድ ኤሌክትሮን ገደማ ያወጣል። ጋሊየም አርሰናይድ ላይ ስስ የሲዚየምና የኦክስጅን ሽፋን ሲደረግበት ደግሞ የመውጫው ደፍ በጣም ዝቅ ስለሚል የደከመው ኤሌክትሮን ሳይቀር ያመልጣል። ዘመናዊ የሌሊት መነጽር ጨለማ ውስጥ የሚያየው በዚህ ነው።

ቀመራችንም እንዳለ አይሠራም። ንጹህ ሴሚኮንዳክተር ላይ ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚያስፈልገው ትንሹ ኢነርጂ የኢነርጂ ጋፑና የመውጫው ደፍ ድምር ነው። ይህን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

«ይህ ምን ይጠቅማል?» ለሚል፦ በ1987 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ካሚዮካንዴ የተባለው የምድር ውስጥ የውኃ ጋን ከፈነዳ ኮከብ የመጡ 11 ኒውትሪኖዎችን መዝግቧል። ውኃው ውስጥ የፈነጠቀችውን ትንሽ ብርሃን የያዙት እንዲህ ያሉ ፎቶካቶዶች ናቸው። ማሳቶሺ ኮሺባ ለዚህ ሥራ በ2002 ኖቤል ተሸለሙ።

«ላብራቶሪ የለንም» የምትለዋን ሰበብም አልቀበልም። ለዚህ ጠመኔ ይበቃል። አሥር ደቂቃና አንድ ጥያቄ፦ «ሜታል በነጻ ኤሌክትሮን ተሞልቶ ሳለ ለምን በሴሚኮንዳክተር ተበለጠ?» ይህን የመለሰ ልጅ ቀመሩንም አይስትም። የሸመደደው ግን ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ይጠፋበታል።

ተማሪዎቼ፣ ያጎደልኩባችሁን ዛሬ ከፈልኩ። ባልደረቦቼ፣ ተራው የእናንተ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ።