«ልጄ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም

በዳያስፖራው የቤተሰብ ግሩፖች ውስጥ አንድ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፦ «ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አውጡ፤ ቤት አስተምሩ!»

ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። የአንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ እየተሰደበ አልቅሶ ይመጣል። የሌላው አማርኛው ጠፍቶ ከአያቱ ጋር በምልክት ያወራል። ጥፋቱ ምክሩ ሕጉን ዘሎ መምጣቱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ልጅን ቤት ማስተማር በሃምሳውም ግዛት ይፈቀዳል። ሃምሳ ግዛት ግን ሃምሳ ሕግ ነው።

ቴክሳስ ያለ ቤተሰብ ግዛቱ ዘንድ መመዝገብ አይጠበቅበትም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ቤቱ እንደ ግል ትምህርት ቤት ይታያል። እንግዲህ ዳላስ ያለች እኅት ይህንን ልምዷን ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ወንድሟ ብትነግረውና እሱም በማግስቱ ልጁን ቢያስቀርስ?

ሜሪላንድ ቴክሳስ አይደለችም። ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ የማሳወቂያ ቅጽ ፈርሞ ማስገባት ግዴታ ነው። ካውንቲው የሚከታተለው ቤተሰብ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ አልፎ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማሩን ማሳየት አለበት፤ የልጁ ሥራ የተሰበሰበበት ፋይልም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገባ ሕጉ እንደገና ይለወጣል። በተለመደው መንገድ የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ያሳውቃል፤ በቀጣዩ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በግምገማ ያስረዳል።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!

«ልጄ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1925 ወላጅ የልጁን ትምህርት የመምራት መብት እንዳለው አረጋግጧል። ይኸው ፍርድ ቤት ግን መንግሥት ትምህርትን በአግባቡ የመቆጣጠር ሥልጣን እንዳለውም ተቀብሏል። ግማሹን ብቻ እየጠቀሱ ሰው ማሳሳት ነውር ነው።

አውሮፓ ያለ ወገን ደግሞ የአሜሪካውን ምክር ከመሞከሩ በፊት ሁለቴ ያስብ። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው። በ2013 ልጆቻቸውን ቤት ያስተምሩ የነበሩ ወላጆች አራት ልጆቻቸው ከቤት ተወስደውባቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰዋል። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ደረሰ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2019 መብታቸው አልተጣሰም አለ።

ሕጉ የሚጠይቀው ማሳወቂያ ያልገባለት ልጅ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ «ቤት የሚማር» አይባልም፤ ያለምክንያት የቀረ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ፣ ክሱ ሲከተል፣ ምክሩን የለጠፈው ሰው አብሮ ችሎት አይቆምም። «አላውቅም ነበር» ማለትም አያድንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ የሚኖሩበት ግዛት የትምህርት ቢሮ ያወጣውን ሕግ ማንበብ፤ ቀጥሎ የሚጠየቀውን በጽሑፍ አስገብቶ ኮፒውን ማስቀመጥ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የለኝም የሚል ወላጅ፣ ልጁን ለማስተማር ጊዜ ከየት ሊያመጣ ነው?